ከደጅ የተገኘች ክርስትና እናት

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዴ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም አላልፍም። ቁርሴን በምሳ ዕቃ ይዤ ከቤት እወጣለሁ። መጀመሪያ እሳለማለሁ፣ ቀጥዬ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት እወጣለሁ፣ ከዚያ መምህራን ማረፊያ ገብቼ ቁርሴን እበላለሁ፤ ደወሉ ሲደወል ክፍሌ በር ላይ ነኝ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣልኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ነገሩን ሁሉ በየተራው ያስቀመጠ ሰው ቀኑ አይበጣጠስበትም ብዬ አምናለሁ። አራተኛ ክፍል ልጆቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ እርሳስ፣ ወሬ መጨረሻ።

እግዚአብሔርም በዚሁ ተራ ውስጥ ቦታ ነበረው። ጠዋት መሳለሙ፣ ማታ ጸሎቱ፣ እሑድ ቅዳሴው። የተመደበለትን ሰዓት ነክቼበት አላውቅም፤ እሱም የእኔን እንደማይነካብኝ ሳይታወቀኝ እርግጠኛ ሆኜ ኖሬአለሁ።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ጥቅምት ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ብርዱ ግን ጆሮ ይቆነጥጣል። ከቅጽሩ በር ስደርስ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ከበሩ ውጭ ቆማ አገኘኋት። ከመልኳ በፊት ድምፅዋን ነው የሰማሁት። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ሽንኩርት ስትመዝን እንኳ አዋጅ የምታስነግር ይመስላል። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ በፌስታል አዲስ የሕፃን ልብስ ይዛለች። አጠገቧ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ነይማ ወዲህ። በልተሻል?» አለችኝ። እንዴት አደርሽ እንኳ አላለችኝም።

«ሳልሳለም በልቼ አላውቅም፣ እትዬ። ምነው?»

«ሸጋ። ውኃስ?»

«ውኃም አልቀመስኩ።»

«ባል አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«እሱ እንኳ ለዚህ አያስፈልግም፤ ለራሴ ነው የጠየቅኩሽ» አለችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ሹክ ማለቷ ነበር፤ ደጁ ላይ የተቀመጡት ነዳያን ግን አንድም ቃል ያመለጣቸው አይመስለኝም። «ዛሬ መግባት ትችያለሽ?»

እንደምችል ነገርኳት። ያን ጊዜ ትከሻዋ ወረደ፤ የያዘችውን ትንፋሽ ሁሉ ለቀቀችው።

«እኔ እንግዲህ የማልገባበት ቀን ሆነብኝ። ከክረምቱ ጀምሮ ጠፍቶብኝ፣ ዕድሜዬ ደረሰ፣ ተሰናበተኝ ብዬ አመስግኜ ነበር። ዛሬ ንጋት ላይ ተመልሶ መጣ። የክርስትናውን ቀን አድብቶ የጠበቀኝ ነው የሚመስለው።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ለወንዱ ክርስትና አባት፣ ለሴቷ ክርስትና እናት ያስፈልጋል፤ ሕፃን ራሱ መናገር ስለማይችል ሰይጣንን የሚክድለት፣ ሃይማኖቱን የሚመሰክርለት፣ ከውኃው ሲወጣ የሚቀበለው እሱ ነው። እህል ውኃ ያልቀመሰች ክርስትና እናት ካልተገኘች ጥምቀቱ አይጀመርም። ሴት ደግሞ የወር አበባ ላይ ከሆነች ከቤተ ክርስቲያን አትገባም። እናትየዋም ብትሆን በሰማንያው ቀን ጸሎት እስኪደረግላት ድረስ ከደጅ ነች። ስለዚህ ያን ጠዋት ሁለት ሴቶች ከነሕፃኗ ደጅ ቆመው፣ የምትገባ ሦስተኛ ሴት ይፈልጉ ነበር።

ወጣቷ እናት የሽንኩርት ነጋዴዋ ተከራይ ነች። ዘመዶቿ ያሉት ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ አይከል ነው፤ ሰሞኑን መንገዱ ስለተዘጋ ሊመጣላት የቻለ የለም። ክርስትና እናት ልትሆናት ቃል የገባችው አከራይዋ ነበረች።

«ሌላ ሰው አልጠየቃችሁም?» አልኩ።

«ጠየቅን እንጂ። እዚያ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት፣ እኔ ዛሬ ነገ የምጠራ ነኝ፣ ቆማ የምታሳድግ ፈልጉ አሉን። አንዷ በልቻለሁ አለች፤ ፊቷ ግን የበላ ሰው ፊት አልነበረም። አባትየው በባጃጁ ሊፈልግ ሄዷል።»

ሰው ለምን እንደሚሸሽ ይገባኛል። ክርስትና ልጅ የአንድ ጠዋት ውለታ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የልጅቱ ወላጆች አበልጆችሽ ናቸው፤ በደስታቸውም በኀዘናቸውም ትጠሪያለሽ፤ ልጆችሽና ልጆቻቸው እንደ እኅትና ወንድም ስለሆኑ አይጋቡም። ልጅቱ ስትጾም፣ ስትማር፣ ስትዳር ትጠየቂባታለሽ። ይህን ሁሉ በልቤ በተራ እየደረደርኩ ሳለ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ አረፈ። ጥምቀቱና ቅዳሴው እስኪያልቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ያልፉብኛል።

እኔ ደግሞ ስጨነቅ ማስረዳት እጀምራለሁ። ወደ እናትየዋ ዞሬ በክፍል ድምፄ አስረዳኋት። ሰማንያው ቀን ሕፃኗ ከዚያ በፊት እንዳትጠመቅ እንጂ ከዚያ በኋላ እንዳትጠመቅ እንዳልተወሰነ፣ በሳምንቱ ቢሆን ኃጢአት እንደሌለበት፣ በሳምንቱ ደግሞ እትዬ ራሷ መግባት እንደምትችል፣ ምናልባትም እስከዚያ መንገዱ ተከፍቶ ዘመዶቿ እንደሚደርሱላት በአራት ነጥብ ከፍዬ ነገርኳት። የነገርኳት ሁሉ ትክክል ነበር።

እስከመጨረሻው ሰማችኝ። ዓይኗን ከሕፃኗ ፊት አላነሳችም።

«የመጀመሪያዋ ልጄም ለሚቀጥለው ሳምንት ተብላ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዘመድ እስኪመጣ ብለን በሳምንት ገፋናት። ማታ አጥብቻት ተኛን፤ ጠዋት የለችም። ሳትጠመቅ ነው የሄደችብኝ።»

ምሳ ዕቃዬን በሩ ጥግ አስቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ። ልጅቱን ስቀበላት የያዝኳት እንደ ደብተር ክምር ነበር መሰለኝ፣ ያቺ ድምፀ ትልቅ አከራይ ወዲያው ጣልቃ ገባች።

«አንገቷን፣ አንገቷን። ልጅ ይዘሽ አታውቂም?»

«ስልሳ አምስት ልጅ አስተምራለሁ፣ እትዬ።»

«እነሱ አንገታቸው ጸንቷል። ክንድሽን አስገቢ። እንዲያ። አሁን ሰው መሰልሽ።»

ልገባ ስል ባጃጅ እየተንገጫገጨ ደረሰና አባትየው ብቻውን ወረደ። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ወጣት ነው። «ሦስት ሴት አቁሜ ጠየቅሁ» አለ እያለከለከ። «አንዷን፣ እትዬ ክርስትና እናት ይሆኑልኛል ወይ ብላት፣ ዝርዝር የለኝም ብላኝ ሄደች።» ከዚያ ልጁን በማያውቃት ሴት ክንድ ላይ አየ። ሚስቱ በዓይኗ ወደ እኔ አመለከተችው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ሲል ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ በዕድሜ እኩያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ለትምህርት ቤቱ መደወል ነበረብኝ። በአንድ እጄ ሕፃን፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ምክትል ርዕሰ መምህሩን አገኘሁት።

«ዛሬ እዘገያለሁ።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

ስሜን ጠቅሶ፣ እሷ ራሷ መሆኔን አረጋግጦ፣ «አመመሽ?» አለኝ።

«አላመመኝም። ልጅ አግኝቼ ነው።»

«ትናንት ስትወጪ እኮ ምንም አልነበረብሽም» አለኝ።

አስረዳሁት። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ክፍሌን እሱ እንደሚይዝልኝ ነገረኝና ምን እንደሚያስተምር ጠየቀ። የዕለቱ ዕቅድ ጠረጴዛዬ ላይ መሆኑን ስነግረው፣ «አትቸገሪ፣ ያንቺ ዕቅድ ያለ አስተማሪም ያስተምራል» አለ። ውዳሴም ስድብም ይመስላል፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ክርስትና ቤቱ ከበሩ እምብዛም አይርቅም። ጠባብ የድንጋይ ቤት ነው፤ መካከሉ ላይ የመጠመቂያው ገንዳ አለ። የዚያን ዕለት የምትጠመቀው ሴት ሕፃን የእኛዋ ብቻ ነበረች። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱኝና፣ «ለውጥ አለ እንዴ? ወፍራሟ ነበረች የተነገረችኝ» አሉ።

«በደጅ ነኝ፣ አባ» የሚል ድምፅ ከቅጽሩ ውጭ መለሰላቸው።

ክርስትና ምን እንደሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን መካድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመንን መመስከር፤ ትርጉሙንም ቅደም ተከተሉንም አውቀዋለሁ። ሕፃን ታቅፎ ስለ ሌላ ሰው ነፍስ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ቄሱ የሚሉትን ተከትዬ ልል ስጀምር ድምፄ ጠፋብኝ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ድምፅሽን አሰሚ» አለ የውጭው ድምፅ። «ክፍልሽ ውስጥ እንዲህ ነው የምትናገሪ? ሰይጣን እንዲህ ተብሎ አይሄድም።»

ቄሱ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ከደጅ ሆነሽ አትጥመቂልኝ» አሏትና ወደ እኔ መለስ ብለው፣ «ግን እውነቷን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ክፍሌ የመጨረሻ ወንበር የሚሰማ ድምፅ አወጣሁ።

ሕፃኗ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የጣሪያውን እንጨት ታይ ነበር። ለቁርባን ስለተዘጋጀች ከንጋት ጀምሮ ጡት አልቀመሰችም፤ ተርባለች። ልብሷን ሳወልቅላት ማጉረምረም ጀመረች። ቄሱ ተቀብለው የጥቅምቱ ውኃ ውስጥ ሲያስገቧትና ሲያወጧት ግን ቅጽሩን የሞላ ጩኸት ጮኸች። ቀይ ሆና፣ ጡጫዋን ጨብጣ፣ ለመላው ዓለም ስሞታ የምታቀርብ ይመስል ነበር። ነጠላዬን ዘርግቼ ተቀበልኳት። እርጥብ፣ ብርቱ፣ የምትታገል ነገር ደረቴ ላይ አረፈች።

በሩ በኩል ወደ ውጭ ሳይ እናትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። የምታለቅስ መሰለኝ። በኋላ ስትነግረኝ፣ ስትስቅ ነበር። «ያቺኛዋ ድምፅ አልነበራትም» አለችኝ። «ይቺ ስትጮህ፣ እሰይ፣ ጩኺ አልኳት።»

ቄሱ ሜሮኑን ከግንባሯ ጀምረው እስከ እግሯ ቀቧት፤ ባለ ሦስት ቀለሙን ማዕተብ አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ስመ ክርስትናዋን ነገሩኝ። ይህን ስም ለወላጆቹ የማድረስ ተራው የክርስትና እናት ነው። ሁለት እጄም ተይዟል፤ እኔ ደግሞ ያልጻፍኩትን ነገር የማላምን ሰው ነኝ። ስሙን ከንፈሬ ላይ ይዤ፣ እየደጋገምኩ፣ እንዳይፈስብኝ እንደ ሙሉ ብርጭቆ እየተጠነቀቅኩ እስከ በሩ ወሰድኩት። እናትየዋ፣ «ማን ተባለች?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም አንድ ጊዜ ደገመችው፣ ባሏም ደገመው፤ አከራይዋ ደገመችው፣ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ የልጅቱ ነው።

ቀጥሎ ለእናትየዋ ጸሎት ተደረገላትና ልጇን ይዛ ገባች። አብሬአት ገባሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሕፃኗ በእኔ ክንድ ላይ ሆና ቆረበች፤ ከዚያ የናፈቀችውን ጡት አገኘችና ዓለምን ይቅር አለችው። በቅዳሴው መካከል ካህናቱ ትንፋሽ ሲወስዱ ከደጅ አንድ ብቸኛ እልልታ ተሰማ። መግባት ያልቻለችው ሴት ድርሻዋን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ላከችው።

ያን ሰዓት ቆሜ ሳለ ወደ አእምሮዬ የመጣልኝን ሐሳብ እስከ አሁን አልጨረስኩትም። ያ ሁሉ ሥርዓቴ ከንቱ ነበር ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን አልነበረም። ሳልሳለም አልበላም የሚል ሥርዓት ባይኖረኝ ኖሮ ያን ጠዋት ለዚያች ሕፃን የምጠቅም ሰው አልነበርኩም። እግዚአብሔር ሥርዓቴን አላፈረሰብኝም። በበሩ ገባና ከመደብኩለት ወንበር ተነሥቶ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ክፍል ካለ ለማየት የሚዞር እንግዳ ሆነብኝ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ የማስረዳው ለእናትየዋ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ወንበርህ እዚያ ነው፣ ተቀመጥ እያልኩት ነበር።

ትምህርት ቤት ስደርስ የእረፍት ሰዓት ደርሷል። ነጠላዬ እርጥብ ነው፣ ሜሮን ይሸታል። ልጆቹ ከበቡኝ። «ቲቸር፣ ዘግይተሻል» አለችኝ የፊት ረድፍ ተማሪ። የምትናገረው ስሞታ ይሁን ምሥራች አልለየሁትም። ምክንያቱን ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ አሁን እሷ የክፍላችን እኅት ናት?» አለ። እንዲህ ያለውን ዝምድና የሚያስረዳ ሕግ ስለማላውቅ፣ «ትመስለኛለች» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልበል። መንገዱ ሲከፈት አበልጆቼ አይከል ወሰዱኝ። የእናትየዋን አባት አያ እያልኩ ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው ረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። «ዘመድ ከማኅፀንም ይወለዳል፣ ከውኃም ይወለዳል» አሉኝ። «አንቺ የውኃዋ ነሽ።» እኔ ለብቻዬ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ አሁን ግን በዓል ሲደርስ የት ልሂድ ብዬ ሳይሆን የቱን ላስቀድም ብዬ ነው የምጨነቀው። ልጅቱ በእግሯ ትሄዳለች፤ ስታየኝ ትሮጣለች፣ አንዳንዴም ወደ እኔ ነው።

ዋናው ደስታ ግን የዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ትምህርት ሲያልቅ አባትየው ባጃጁን ከትምህርት ቤቱ በር አቁሞ ጠበቀኝ፤ ሂሳብ ልክፈል ብለው ተቀየመ። ግቢያቸው ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ዶሮ ወጥ ነበር፣ ዳቦ ነበር፣ ጠላ ነበር። አከራይዋ አልጋው ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ አስቀመጠችኝ።

«እዚያ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ» አለችኝ ዳቦ እየቆረሰች። «ብይ፤ አልቀየምሽም። ተፈጥሮዬ ነው ያስቀረኝ።»

«ልብሱን ግን አንቺ ነሽ የገዛሽላት፣ እትዬ።»

«አዎ፤ የአንቺ ሥራ ነጠላ ማስረጠብ ብቻ ነበር። ለከርሞ ወንድ ከወለዱ ባልሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። ለዚያ ነበር ጠዋት የጠየቅኩሽ።»

ቤቱ ሳቀ። ሕፃኗ በእኔ ጭን ላይ ሆና እጇን ወደ ማዕተቧ እየላከች ክሩን ልትይዝ ትሞክራለች። ይህን ለማሳየት ወደ እናትየዋ ዞር ስል፣ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ያልነካችው ሳህን እጇ ላይ እንዳለ ተኝታ አገኘኋት። አፏ በትንሹ ተከፍቷል። ሳህኑን ከእጇ ሳወጣው እንኳ አልነቃችም።

አከራይዋ አየች። «ተዋት» አለችኝ። ይህንን እውነተኛ ሹክሹክታ ከእሷ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሰማንያ ሌሊት አልተኛችም። የልጅቱ አፍንጫ ላይ እጇን አድርጋ ነው የምታነጋ። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ነኝ፣ ስትነሣ እሰማታለሁ። ዛሬ አደራዋን የሚካፈላት አገኘች።»

ከዚያም ቀና ብላ እንግዳውን ሁሉ በዓይኗ አዘዘች። ያ የሞላ ቤት ጸጥ አለ። ሰው በምልክት ወጥ ጠየቀ፣ በምልክት ጠላ ተቀበለ፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት በጣታቸው ጫፍ ዳቦ ሲቆርሱ ሳይ ሳቄን ለማፈን ፊቴን ወደ ሕፃኗ አዞርኩ። አባትየው ደጅ ወጥቶ ልጆች እንዳይጮኹ ባጃጁ ውስጥ ሰበሰባቸው። የማርመው የፈተና ወረቀት ቤት ይጠብቀኝ ነበር፤ ልጅቱ ግን ጣቴን ይዛለች። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ድግሱ እንዲሁ በጸጥታ ተበላ። እናትየዋም ተኛች።